በጉተታ የቆመ ድልድይ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይታሰር። አንዲት ቃል ቀንሼ ከሆነ ደግሞ... መቀነስ እንኳ ልማዴ አይደለም፣ እሱን ተዉት። ምስክር ካስፈለገ ባለቤቴ ትርንጎ አለች። ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ለሚወለደው የልጅ ልጃችን ሹራብ ትሠራለች፤ እኔም የጻፍኩትን ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው። አሁን ግን አትጠይቋት፣ ክሩ ይምታታባታል። ሰው አላምንም የሚል ካለ ጫማዬ አለ። ለልጄ ሰርግ የገዛሁት ጫማ ነው፤ ያን የመሰለ ወንዝ አሻግሮኝ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ ውሃ አልነካውም። ወንዝ ተሻግሮ ያልረጠበ ጫማ ያለ ድልድይ ከየት ይመጣል? እንግዲህ ፍረዱ።

አገሩን ግን አልጠራም። ብጠራው ይኮራል፤ ሲኮራ ደግሞ የሚሆነውን አይቻለሁ። በመሃሉ ወንዝ የሚያልፍበት ከተማ ነው በቃ። ወንዙ እንዴት ያለ ወንዝ መሰላችሁ! እኔ የተወለድኩ ቀን አባቴ በደስታ የወረወረው ድንጋይ እስካሁን ታች አልደረሰም፤ ጆሮውን ጠጋ ላደረገ ሰው ሲወርድ ይሰማል። ላይኛው ውሃ ውስጥ ያሉት ዓሦች ታችኛው ውሃ ውስጥ ካሉት ጋር አይተዋወቁም።

የእኛ ሰፈር ወዲህ ማዶ ይባላል፤ የእነሱ ወዲያ ማዶ። እነሱም የራሳቸውን ወዲህ፣ የእኛን ወዲያ ይላሉ፤ ጠቡ ከዚህ ሳይጀምር አይቀርም። ለማንኛውም በእኛ ከተማ አንድ ነገር ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማዶ ያሉት ተቃራኒውን ሲያደርጉ ነበር። ስለዚህ በየዳርቻው ከሹመት ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሹመት ነበረ፤ የማዶ ተመልካች ይሉታል። ሥራው በማለዳ ተነሥቶ፣ የጦር ሜዳ መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ ማዶ የሚደረገውን አይቶ ማወጅ ነው። እነሱ ሽሮ ከሠሩ እኛ ክክ እንሠራለን። እነሱ አጥር ካጠሩ እኛ አጥራችንን እናፈርሳለን። እነሱ ስለ ዝናብ ምህላ ሲወጡ እኛ ስለ ፀሐይ ወጣን፤ ሰማዩ ግራ ገብቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ደመና ብቻ ሆኖ ከረመ።

የወዲህ ማዶ ተመልካች ማን ነበር ብትሉ እኔ ነበርኩ፣ ወንዳፍራሽ። ከእኔ በፊት የነበሩት ያለ መነጽር በሬ እንኳ አይለዩም። እኔ ግን መነጽሩ ሲከብደኝ አስቀምጬው በባዶ ዓይኔ የማዶን ወጥ ጨው መብዛትና ማነሱን እናገር ነበር።

በወዲያ ማዶ በኩል ደግሞ ከልካይ የሚባል ተመልካች መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እኔን ያያል። ስንትና ስንት ዓመት ተያየን። እሱ ሲያስነጥሰው እኔ «ይማርህ» ላለማለት ከንፈሬን እነክሳለሁ። የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው፣ ጋቢውን በየትኛው ትከሻው እንደሚጥል፣ ሚስቱ ስታኮርፈው የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ከራሱ ይበልጥ አውቅ ነበር። አንድ ሰሞን ታሞ ከመስኮቱ ሲጠፋ እኔም እህል አልወርድልህ አለኝ። ሥራዬ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ምሳ ከበላሁ በኋላ ሸለብ ያደርገኛል። ያን ጊዜ መነጽሩን ልጄ ማንያህልሻል ትይዝልኛለች። ማዶም ከልካይን ሸለብ ሲያደርገው ልጁ ሙላት ይይዝለታል። አሠራሩ ቀዳዳ እንዳለው የገባኝ ማንያህልሻል አንድ ቀን ከእንቅልፌ ቀስቅሳ፣

«አባዬ፣ ማዶ አንድ ሰው አየሁ» ያለችኝ ጊዜ ነው።

«ምን ሲያደርግ?»

«እኔን ሲያይ።»

«ታዲያ ተቃራኒውን አታደርጊም? አትይው!»

«ሞከርኩ» አለች። «እምቢ አለኝ። ላገባው ነው።»

ከወዲህ ወደ ወዲያ የተዳረ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የሚከለክል ሕግ ግን አልነበረም፤ ማን አስቦት ሕግ ያወጣበታል? ሙላት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መሻገሪያ ስለሌላቸው ማዶ ቆመው አጎነበሱ፤ ትርንጎ ደግሞ መነጽሬን ነጥቃኝ አየቻቸውና እዚህ ሆና አጎነበሰች። አለቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም እሺ ማለቴ አይቀርም፤ ማንያህልሻል ያኮረፈችበት ቤት በሰኔም በግንቦትም አይሞቅም። ሰርጉ ክረምት ሳይገባ እንዲሆን ተቆረጠ። ክረምት ከገባ እንኳን ሙሽራ ደመናም አይሻገረው፤ ያ ወንዝ ሲሞላ ይዘላል። ልጄ ደግሞ «ድልድይ ከሌለ ዋኝቼ እሄዳለሁ» አለች። መዋኘት አትችልም። የገንዳ ውሃ እንኳ ታስፈራታለች። ያን ጊዜ ነው እውነት ለመናገር እኔም፣ ጀግናው ወንዳፍራሽ፣ መነጽሬን ከማዶ አንሥቼ ወንዙን ማየት የጀመርኩት።

ድልድይ አልነበራችሁም ወይ እንዳትሉ። ድልድይማ ነበረን፣ ሁለት ግማሽ። ወዲህ ማዶ ከሾላው ዛፍ ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ መሃል ሠራ። ወዲያ ማዶ ይህን በመነጽር አይቶ፣ «እነሱ ከላይ ከጀመሩ እኛ ከታች» ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ሥር ጀምሮ እስከ መሃል ሠራ፤ ጫፍና ጫፋቸው አይገናኝም። ሁለቱም በአንድ ቀን ሪባን ተቆርጦላቸው ተመረቁ። ሰዉ በበዓል ቀን አምሮበት ይወጣና እስከ ግማሹ ሄዶ፣ ውሃውን ቁልቁል አይቶ፣ «ጥሩ ድልድይ ነው» ብሎ ይመለሳል።

ሻምበል ጓንጉል የመጡት ይኸኔ ነው። ዕድሜያቸውን ጦር ሜዳ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከማን ጋር እንደተዋጉ ስንጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ ላይ ነግረውን ነበር» ይላሉ። ከተማችን የመጡትም ለፖለቲካ አልነበረም፤ ቦቲ ጫማቸውን ሊያሰፉ ነው። ጫማ ሰፊው እስኪጨርስ አደባባዩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። በእኛ አገር ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ሐውልት መስለውን አበባ አስቀመጥንላቸው። ሲያስነጥሳቸው ጊዜ ሐውልት አለመሆናቸው ታወቀ፤ ለከንቲባነት ዕጩ ይሆናሉ ብለን መረጥናቸው። ማዶ ያሉት ደግሞ በመነጽር አይተው ሌላ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ቢፈልጉ አጡ። ቸግሯቸው እነሱም እሳቸውን መረጡ፣ ግን በተቃውሞ። ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ ሰው ሲመርጡ ያ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ሁለቱም ተጭበርብረናል ብለው ከሰሱ።

ሻምበል የመጀመሪያ ንግግራቸውን በእኛ ግማሽ ድልድይ ጫፍ ላይ ቆመው፣ በድምፅ ማጉያ፣ ማዶ ለማዶ አደረጉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ንግግሩን በጆሯቸው ሹክ ያልኳቸውም እኔ ነኝ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ወገኖቼ!» አሉ። «በጦር ሜዳ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። የተከፋፈለ ሠራዊት ይሸነፋል።»

«ልክ ነው!» አለ ወዲህ ማዶ።

«ስህተት ነው!» አለ ወዲያ ማዶ።

«አንድ የሆነ ሠራዊትም ይሸነፋል» አሉ ሻምበል። «አይቻለሁ። ልዩነቱ በሰልፍ መሸነፉ ብቻ ነው።»

ምኑን እንደሚቃወም የጠፋበት ሕዝብ ያን ቀን አየሁ፤ ልብ ይበላል።

«ስለዚህ ተፋቀሩ ብዬ አላዝዛችሁም። በጦር ሰፈር አንድ ኮሎኔል ሞክሮት ነበር፤ ተቃቀፉ ብሎ አዘዘ፣ ብዙ ሰው የጎን አጥንቱ ተሰበረ። እኔ የምጠይቃችሁ ፖሊሲያችሁን ነው። የጤና ፖሊሲያችሁ ምንድን ነው?»

«እነሱ ሲታመሙ እኛ እንድናለን» አለ አንዱ የእኛ ሰው።

«የትምህርትስ?»

«እነሱ ከአንድ ወደ መቶ ይቆጥራሉ፤ እኛ ከመቶ ወደ አንድ» አለ ሌላው በኩራት። «መሃል ላይ ብቻ ነው የምንገናኝ፣ እሱንም ቶሎ እናልፈዋለን።»

«የመንገድስ?»

ሰዉ ሁሉ እግሩ ሥር ያለውን ግማሽ ድልድይ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

ማንያህልሻል ከሰዉ መሃል ብድግ አለች። «ሻምበል፣ እኔ ክረምት ሳይገባ መሻገር አለብኝ። ፖሊሲው እስኪወጣ ስጠብቅ ካረጀሁ ማን ያገባኛል?»

«እኔ!» አለ ከማዶ አንድ ድምፅ። ሙላት ነው። ያለ ድምፅ ማጉያ ነው የጮኸው፤ ሆኖም በሁለቱም ዳርቻ ያልሰማው አልነበረም።

ሻምበል ወደዚያ አዩ፣ ወደዚህ አዩ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርገው፣

«አቶ ወንዳፍራሽ፣ እነዚህ ሰዎች ሳይታክቱ አብረው የሚሠሩት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መጓተት» አልኳቸው።

«በምን በምኑ ላይ?»

«ያልተጓተቱበት ካለ ይንገሩኝ።»

«በሉ ገመድ ይምጣ» አሉ።

ምን አለፋችሁ፣ የከተማው ገመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሰው ወገብ የሚያህሉ ሁለት ገመዶች ተገመዱ። ማን ወርውሮ ያሻግራቸው ተባለ። ማን ይሆናል እንግዲህ! ተጠቅልሎ የሰጡኝን አንድ ዙር አዙሬ ስለቀው ወንዙን አልፎ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ከኮረብታው ጀርባ የአንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ሴትዮዋ ልብስ አስጥታበት አገኙት። ሁለተኛውን አለሳልሼ ነው የወረወርኩት።

ሻምበል ማዶ ያሉትን «እናንተ ከእነሱ ትበረታላችሁ አሉ፣ እውነት ነው?» አሏቸው። እኛን ደግሞ «እነሱ በአንድ እጃችን እንጥላቸዋለን ይላሉ» አሉን። ከዚህ በላይ ትእዛዝ አልሰጡም። እነዚያ ከዚያ ጎተቱ፣ እኛ ከዚህ ጎተትን፤ ገመዶቹ ከመወጠራቸው የተነሣ ወፍ ሲያርፍባቸው እንደ ክራር ይጮኹ ጀመር። ሻምበልም ፈጠን ብለው ሳንቃ አስረበረቡባቸው። ድልድይ ሆነ! ሰው ቀና ብሎ ሳያየው፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሲጎትት፣ ድልድይ ቆሞ ተገኘ።

ከዚያ ሻምበል አንዷን ብቸኛ ሕጋቸውን አወጁ፦ መጎተት መብት ነው፤ ማሸነፍ ክልክል ነው።

እንግዲህ አስተዳደሩን ልብ በሉልኝ። አንደኛው ማዶ ከደከመ ድልድዩ ይወድቃል። ስለዚህ እኛ የማዶ ጎታቾች እንዳይደክሙብን በየጠዋቱ ቅንጬ በቅቤ እንልክላቸው ጀመር። እነሱም ለእኛ ጎታቾች የተጠበሰ ሥጋ ይልካሉ፤ በዚያው በጠላትነታችን ድልድይ ላይ። ከእኛ አንዱን ሲያተኩሰው የማዶ ሐኪም እየሮጠ መጥቶ፣ «ምን ነካህ አንተ ከንቱ፣ ተነሥና ተጣላን!» እያለ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጉልበት ያለ ንዴት ስለማይሠራ የስድብ ግምጃ ቤት ተከፈተ፤ ለጎታቾች ስድብ በስንቅ መልክ ይታደላል። የእኛ ግምጃ ቤት አንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን ማዶን ለመንን። ደግ ናቸው፣ ከአዳዲሱ ላኩልን። እኛም መልሰን በዚያው ሰደብናቸው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሙላት ሚዜዎቹን አስከትሎ በገመዱ ድልድይ መጣ፣ ልጄን ተቀበለ፣ ሊመለስ ተነሣ። ማንያህልሻል ቬሏን እያስጎተተች መሃል ስትደርስ አንዲት የማዶ ሴት ከዳር ሆና አወጣች፦

«ሙሽራዬ ማዶ፣ ሙሽራዬ ማዶ፣
ማን ያስቀርሻል ልብሽ ቀድሞ ሄዶ!»

የእኛ ሴቶች ተቀበሉ። እነሱ ያወጡትን እኛ ስንቀበል ታይቶ አይታወቅም፤ ግን ዜማው ይጥማል፣ ምን ይደረግ! እልልታው ወንዙን ሞላው። ከዚያ ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ።

ማጨብጨብ! ሁለት እጅ ካጨበጨበ ገመዱን በምን ይይዛል? አንዱ ለቀቀ፣ ሌላው ለቀቀ፤ ገመዱ ሟሸሸ። ሳንቃዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሙሽራዋ ውሃው ቬሏን ሊልሰው ምንም አልቀረው።

«ተሳደቡ!» ብለው ጮኹ ሻምበል። «ኧረ በናታችሁ ተሳደቡ!»

የስድብ ግምጃ ቤቱ ሹም አፉን ሲከፍት የወጣው እልልታ ነው። ከወዲህ እስከ ወዲያ ጥርሱን ያልገለጠ ሰው የለም፤ ንዴት እንደ ጨው ጠፋ። ያቺ ልጅ ደግሞ መዋኘት አትችልም አላልኳችሁም?

እኔ ነኝ ያዳንኳት። አንዱን ገመድ በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ እጄ ያዝኩ፤ አልበቃ ሲል የቀኙን በጥርሴ ያዝኩና በተረፈው እጄ ወደ ከልካይ መስኮት ጠቆምኩ። ገመድ በጥርስ ይዞ እንዴት ይጮኻል እንዳትሉኝ፤ የአባት አንጀት በአፍንጫም ይጮኻል።

«አንተ ከልካይ! የሚስትህን ነጠላ ተከናንበህ ስትተኛ አላየሁህም መሰለህ?»

ከልካይ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«አንተ ወንዳፍራሽ!» አለ። «መነጽሩን ገልብጠህ ይዘህ "ማዶ ከኛ ሸሸ" ብለህ አዋጅ ያስነገርክ! ሕዝብህን በዓል ያስከበርክ!»

«አንተ ሽሮ አሳራሪ!»

«አንተ ቁጭ ብለህ የምታንኮራፋ!»

«እስቲ ናልኝ!»

«አንተ ና!»

እሱ ከመስኮቱ ዘሎ ወርዶ በንዴት ሳበ፣ እኔ በንዴት ሳብኩ። ሰዉ በሳቅ እየተንከተከተ መጥቶ ከኋላችን ያዘ፤ ገመዱ ቀጥ አለ። ማንያህልሻል በመጨረሻዎቹ ሳንቃዎች ላይ እየሮጠች ሄዳ ማዶ መሬት ረገጠች። ሰርጉ በአንዱ ማዶ ተጀምሮ በሌላው አለቀ። ምግቡን ልነግራችሁ እችል ነበር፣ ግን በሬዎቹን ብዘረዝር አታምኑኝም።

እኔ በመጨረሻ ነው የተሻገርኩት፣ በአዲሱ ጫማዬ ቀብረር ብዬ። ከልካይ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያለ መነጽር ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር።

«አጭር ነህ ለካ» አለኝ።

«አንተም በመነጽር ነው እንጂ ይህን ያህልም አይደለህ» አልኩት።

ተቃቀፍን። ለሥራ ጉዳይ ነው።

ሻምበል ቦቲያቸው ተሰፍቶ አለቀ፤ ሆኖም አልሄዱም። አሁንም አደባባዩ ላይ ይቆማሉ፣ ሁለቱም ማዶ ይመርጣቸዋል፣ ሁለቱም ይከሳቸዋል። ግማሽ ድልድዮቹ ላይ በርበሬ ይሰጣል። የታላቁ ድልድይ ገመድ የት ሄደ ብትሉ ፍየሎች በሉት። ለዚህ ነው ማስረጃ ሆኖ የቀረው ጫማዬ ብቻ የሆነው። ይኸው እግሬ ላይ አለ፣ ኑና እዩት፤ ውሃ የነካው ጫማ እንዲህ ያበራል?

ይህን አንብቤ ስጨርስ ትርንጎን ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን ከሹራቡ አላነሣችም።

«ወንዙ እኮ ከጉልበት አያልፍም» አለች።

«የቱ ወንዝ?»

«ያው ወንዛችን ነዋ። ሻምበል ቦቲያቸውን ሊያሰፉ መጥተው ዳር ላይ ቆመን ስንጨቃጨቅ አገኙን። "ለመሆኑ ጥልቀቱን ገብቶ ያየ ሰው አለ?" አሉ። ገብቶ ያየ አልነበረም። ቦቲያቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ገቡ። ማንያህልሻል ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለቻቸው፤ ከዚያ እኛም ጫማችንን እያወለቅን ገባን። ገመድ የሚባል አላየሁም።»

«ጫማዬስ?» አልኩ። «ጫማዬ ታዲያ ለምን አልረጠበም?»

የሹራቡን እጅጌ ዘርግታ በጣቷ ለካች። ትንሽዬ ናት፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትረዝም።

«አዲስ ጫማዬን አላወልቅም ብለህ ዳር ላይ ተገትረህ ቀረህ» አለች ቀስ ብላ። «ጋሽ ከልካይ ተመልሰው መጥተው አዝለው አሻገሩህ።»